ነፃ ነው?

መቼም ሰው ከአባቱ የሚወርሰው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው። መሬት የሚወርስ አለ፣ ፎቅ የሚወርስ አለ፣ የስኳር በሽታ የሚወርስም አለ። እኔ የወረስኩት አንድ እንጨት ነው። ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ የወይራ ጉማጅ፤ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል በመጥረቢያ ተጠርቦ እየሳሳ የሚሄድ፤ ከዘይትና ከአቧራ ብዛት ጠቁሮ ድንጋይ የመሰለ። ሾፌሮች ‹‹ታኮ›› ይሉታል። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚወሸቀው እሱ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናዋ ፊያት ኤን ትሬ፣ ከኋላዋ ደግሞ ተሳቢ። የዛሬ ልጆች ኤን ትሬን ላታውቋት ትችሉ ይሆናል፤ በአንድ ወቅት ግን የዚህን አገር እህል፣ ጨው፣ ሲሚንቶና ቡና ተሸክማ ዳገት ቁልቁለቱን የምትወጣ የምትወርደው እሷ ነበረች። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ጣልያኖች የከባድ መኪና መሪ በቀኝ ያደረጉት ተራራ ላይ የሚነዳ ሾፌር የመንገዱን ዳር፣ የገደሉን አፍ፣ በዓይኑ እያየ እንዲሄድ ነው ይባላል። ብልሃቱ ደግ ነው፤ ግን ዋጋ አለው። ገደሉን ደኅና አድርጎ የሚያየው ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና መቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣው አይታየውም። ስለዚህ በግራ በኩል የተቀመጠው ረዳት ዓይን ይሆነዋል። ሾፌሩ ‹‹ነፃ ነው?›› ይላል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አይቶ ‹‹ነፃ ነው!›› ወይም ‹‹አለ!›› ብሎ ይመልሳል። በዚህች አጭር ቃል ላይ ስንት ነፍስ ተንጠልጥሎ እንደሚሄድ አስቡት።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ወደ ውስጥ በምትታጠፍ ቀጭን ቅያስ ውስጥ፣ የቀበሌ ቤት። የሰፈሩን ስም ያወጡልን ጣልያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ ‹‹ኢንቺስ›› የሚባል ድርጅት ነበራቸው፤ እነሱ ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ያሉትን፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፣ አያቶቻችን አለስልሰው ካዛንቺስ አደረጉት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሰፈራችን በጣልያን ስም፣ መኪናችን የጣልያን ሥራ፣ አባቴ የሚመላለስበት የጣርማ በር ዋሻም ጣልያን የፈለፈለው። የአባቴ አባት ማይጨው ዘምተው ነበርና ‹‹አባቴ ከጣልያን ጋር ተዋጉ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ከጣልያን ብረት ጋር እታገላለሁ›› እያለ ይስቅ ነበር።

ያቺ ቅያሳችን ታዲያ እንኳን ኤን ትሬ ከነተሳቢዋ፣ ሁለት አህያ ጎን ለጎን አታሳልፍም። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ተሳቢውን ኮተቤ አንድ ሰው ግቢ ያሳድረውና በመኪናዋ ብቻ ይመጣል። እሷንም አስፋልቱ ዳር ያቆማታል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ። እናቴ ሦስቱን ስትሰማ ያለ አንድ ቃል ተነሥታ ከሰል ታቀጣጥላለች። እራት ላይ ደግሞ አባቴ አንዳንዴ እንዲህ ይላታል፦

‹‹አንድ ቀን ተሳቢውን ከነመኪናው አምጥቼ ደጅሽ ላይ አቆመዋለሁ።››

‹‹የማንን ቤት አፍርሰህ?›› ትለዋለች።

እንስቃለን። ያኔ ቀልድ ነበር።

በ1986 ዓ.ም ክረምት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሰባተኛ ክፍል ልገባ ነው። አባቴ ወደ ደሴ የእርዳታ ስንዴ ያመላልስ ነበርና ‹‹ውሰደኝ፣ ውሰደኝ›› ብዬ ስላስቸገርኩት እናቴን አስፈቅዶ ይዞኝ ሄደ። ስለ መሄዳችን አልነግራችሁም፤ የሚነገረው መመለሻው ነው።

ነሐሴ 14 ቀን፣ በቡሄ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ ከደሴ ተነሣን። ከደሴ አዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ምሳውን ሳይበላ እደርሳለሁ ይል ይሆናል፤ ለኤን ትሬና ለተሳቢዋ ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው። ደሴን ለቃችሁ እንደወጣችሁ የሚቀበላችሁ ሐራጎ ነው፤ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቁልቁለት። አባቴ ገና አፋፉ ላይ ሳለን ማርሹን ዝቅ አደረገና ሞተሩ እያቃሰተ፣ በሰው እርምጃ መውረድ ጀመርን። እኔ ደግሞ ቁልቁለት ሲባል ደስታ መስሎኝ ‹‹አባዬ፣ አሁን እንኳ ፍጠና›› አልኩት።

‹‹ስማ›› አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። ‹‹ዳገት የሚፈትነው መኪናውን ነው። ቁልቁለት የሚፈትነው ሾፌሩን ነው። ዳገት ላይ ተሳቢውን አንተ ትጎትተዋለህ። ቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው አንተን ይነዳሃል። ፍሬኑን ዝም ብለህ እየረገጥክ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻ አይዝልህም። ያኔ እግዜርን ብትጠራ መኪናህ አማርኛ አይሰማም።››

ከዚያም ሌላ ነገር ነገረኝ፤ የዚያን ጊዜ ብዙም ከቁም ነገር ያልቆጠርኩት። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ መመለስ አይሆንለትም። ብቻውን የሆነ መኪና ስቶ መንገድ ቢገባ ‹‹ኋላ፣ ኋላ›› ብሎ ይወጣል። ተሳቢ የሚጎትት ግን ወደ ኋላ ልመለስ ሲል መኪናው ወዲህ፣ ተሳቢው ወዲያ ይዞርና ተቆላልፈው መንገዱን ይዘጋሉ። ጠባብ ተራራ ላይማ የማይታሰብ ነው። ‹‹ስለዚህ ተሳቢ ያለው ሰው›› አለኝ፣ ‹‹ከመግባቱ በፊት ነው የሚያስበው።››

ኮምቦልቻ የአንድ ነጋዴ ማሽላ ጫንን። ከዚያ ወዲያ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ የጨፋ ሜዳ። ሜዳው በክረምት አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ግመሉና ከብቱ ተቀላቅሎ መንገዱን ሲያቋርጥ አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል እንጂ ጥሩምባ አይነፋም። ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ጀውሃ። ማታ ሸዋ ሮቢት ገባን። ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ፓፓያው፤ ፆሙ ፍልሰታ ነውና ሽሯችንን በልተን ተኛን። ረዳቱ ግን አልተኛም። ጭነት አለና ተሳቢው ላይ ወጥቶ ሌሊቱን በሙሉ ሲጠብቅ አደረ።

ጉዱ ያለው በማግስቱ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ነው። የጣርማ በር አናት ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ። ይኼን ሁሉ ከፍታ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ትወጡታላችሁ። ከአርማንያ በኋላ ኤን ትሬ መሄዷን ትታ መቆፈር ጀመረች ማለት ይቀላል። አንደኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ፣ ጩኸት። ረዳቱ ታኮውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደና ከጎማው ጎን ጎን በእግሩ ይሄድ ጀመር። መኪናዋ ድንገት ተንፍሳ የቆመች እንደሆን እሱ ዘሎ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል። አንዲት ሰከንድ ቢዘገይ ተሳቢው ሁላችንንም ይዞን ወደ ሸዋ ሮቢት ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ውሃ አፈላች፤ ሦስት ጊዜ ቆምን፤ ሦስት ጊዜ ታኮው ያዘን። ያችን ጉማጅ እንጨት ሁለት መቶ ኩንታል ገደማ ተደግፎባት ሳይ ስለ ትልልቅ ነገሮች የነበረኝ አስተያየት ተለወጠ።

ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ቆሎ ገዛን። ከዚያ ጣርማ በር፤ ጉሙ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ከዚያም ዋሻው። ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል፣ የሞተሩ ድምፅ ግድግዳው ላይ ሄዶ ይመለሳል። ከዋሻው ስንወጣ ሌላ አገር የገባን ያህል ብርዱ ፊታችንን መታን። አባቴ አማተበና ‹‹በቃ፣ ከዚህ በኋላ ቤታችን ነው›› አለ። ረዳቱ ሌሊቱን ያላየውን እንቅልፍ ሊያይ ከወንበሩ ኋላ ባለችው መኝታ ላይ ወጣ። እኔ በግራ መስኮት በኩል በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። በአንድ ጊዜ ሹመት! ከሰባተኛ ክፍል ተማሪነት ወደ ረዳትነት።

እዚህ ላይ የልቤን ልንገራችሁ። እኔ ካዛንቺስ ሳይመሽ መድረስ ነበር የምፈልገው። ለምን? የሰፈር ልጆች ከኤን ትሬ ስወርድ እንዲያዩኝ ነዋ! ቡሄን ያለ እኔ ጨፍረዋል፤ ይኼ አንገብግቦኛል። አሁን ግን እኔ ከሐራጎና ከጣርማ በር መጥቼ፣ ፊቴ በጭስ ጠቁሮ፣ ከዚያች ትልቅ መኪና በግራ በር ዘልዬ ስወርድ ማየት አለባቸው። በጨለማ ከደረስኩ ማን ያየኛል? ይኼ ነው እንግዲህ ምክንያቱ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ጉዶ በረት ሳንደርስ ከፊታችን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አገኘን። እየተንቀረፈፈ ይሄዳል። ጉሙ ይመጣል፣ ይገለጣል፣ ይመጣል። አባቴ ከኋላው ተከተለ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። እኔ ሰማዩን አያለሁ፤ ፀሐይዋ ካዛንቺስ ላይ ስትጠልቅ ይታየኛል። አባቴ ጥቂት ወደ ግራ ወጣ አለና እንደ ትልቅ ሰው ጠየቀኝ፦

‹‹ነፃ ነው?››

አንገቴን አወጣሁ። ያየሁት ጉም ብቻ ነው። ነጭ፣ ባዶ፣ ምንም የሌለበት ጉም። ምንም አለማየትና ምንም አለመኖር አንድ መሰለኝ፤ ወይም አንድ እንዲሆንልኝ ፈለግኩ።

‹‹ነፃ ነው!›› አልኩ።

አባቴ ወጣ። ያቺ ተጎታች ጉድ እንደ ታክሲ ሽው ብላ አትቀድም፤ ቀስ በቀስ ነው የምትደርሰው። ከአሮጌው መኪና እኩል ስንሆን ጉሙ ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራቶች በሩ። አውቶቡስ ነው።

እኔ ጮኽኩ። አባቴ አልጮኸም፤ ፍሬንም በኃይል አልረገጠም። በኋላ እንደገባኝ፣ ደንግጦ ቢረግጥ ኖሮ ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ በጎን ያመጣው ነበር። መሪውን ይዞ፣ መብራት እያበራ፣ ጥሩምባውን ለቀቀው። ያዳኑን ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። የአሮጌው መኪና ሾፌር ሁኔታው ገብቶት ቆመና ከፊቱ ክፍተት ሰጠን። የአውቶቡሱ ሾፌር ደግሞ ሕዝብ እንደጫነ ወደ ጠጠሩ ወጣ፤ ሣሩን ይዞ፣ ዘንበል ብሎ፣ ቆመ። ተሳቢያችን ተጠቅልሎ ሲገባ በእኔ በኩል ያለው መስታወት ከአውቶቡሱ ጎን ጋር ተላትሞ ረገፈ። ሌላ ምንም አልሆነም። ምንም!

አባቴ መኪናውን ዳር አስያዘ። ረዳቱ ከእንቅልፉ ባንኖ ታኮውን ይዞ ዘለለ። አባቴ ወረደና በእግሩ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። እኔም ተከተልኩት። ተሳፋሪው ወርዶ መሬት የሚስም አለ፣ የሚያለቅስ አለ። የአውቶቡሱ ሾፌር በዕድሜ ከአባቴ ያነሰ ሰው ነው፤ አባቴን ሲያይ ያልተሳደበው ስድብ የለም። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አለ፦

‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው ወንድሜ። ይቅርታ አድርግልኝ።››

‹‹ልጁ ነው ነፃ ነው ያለኝ›› አላለም። ወደ እኔ ዞሮም አላየም።

መኪናው ውስጥ ስንገባ ጥፊ እየጠበቅኩ ነበር። ጥፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

‹‹አይተህ ነው?››

ዝም አልኩ።

‹‹ሦስተኛ መልስ'ኮ አለ። ‹አላየሁም› የሚባል። አላየሁም ብትለኝ እቆማለሁ። መቆም ማንንም ገድሎ አያውቅም። ብቻህን ብትሆን ዋሽተህ፣ ተሳስተህ፣ ትመለሳለህ። አንተ ላይ የተንጠለጠለ ካለ ግን የተናገርከው ቃል ወደ ኋላ አይመለስም።››

ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ አድርገን ኮተቤ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ካዛንቺስ ስንገባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ቅያሷ ውስጥ አንድም ልጅ አልነበረም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። እናቴ ከሰል አቀጣጠለች። ስለ መስታወቱ ስትጠይቀው ‹‹ቅርንጫፍ መታው›› አላት።

እንግዲህ አባቴ በ2001 ዓ.ም አረፈ። ኤን ትሬዋን ቀደም ብሎ ሸጧት ነበር። ገዢው ‹‹ታኮውስ?›› ቢለው ‹‹እሱ አይሸጥም›› ብሎ ይዞት ገባ አሉ። እናቴ ለበር መደገፊያ አደረገችው። የካዛንቺስ በራችን ንፋስ ሲመጣ ይገጭ ነበርና ለአሥራ ምናምን ዓመታት ያንን በር የያዘው እሱ ነው።

ይኼን ታሪክ ብዙ ሰው ፊት ተርኬዋለሁ። ስተርከው ሁልጊዜ የልጅነት ስህተቴ አድርጌ ነው፤ የተማርኩበት፣ ያለፈ፣ የተዘጋ። እስከ 2017 ዓ.ም ድረስ።

በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ሲጀመር እናቴ በቴሌቪዥን አየች። ስልክ ደወለችልኝ። ‹‹እኛስ?›› አለችኝ። ‹‹ካዛንቺስስ?››

እኔ ምን አየሁ? ምንም። ማንን ጠየቅኩ? ማንንም። ግን ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት፤ እንድትረጋጋ ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኔም መረጋጋት ፈልጌ ነው። የምወለውለው ጽሑፍ ነበረኝ፣ የቸኮልኩበት ነበረኝ። ‹‹እማዬ፣ ካዛንቺስ አይነካም። ዝም ብለሽ ተኚ›› አልኳት።

ነፃ ነው!

ወር ሳይሞላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ መለስኩላት። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። እናቴ እኔ ያልኩትን አምና የእቁቧን አርባ አምስት ሺህ ብር አውጥታ ኮርኒሱን አሳደሰች፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገች። ይኼ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ ተናገረች። ‹‹ልጄ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ነው፤ እሱ አይነካም ብሎኛል›› አለቻቸው። አንዷ ጎረቤታችን በዚያ ቃል ግድግዳዋን አስለሰነች። ሌላዋ ለልጇ ሰርግ ቤት ልታድስ ዕዳ ገባች። እኔ ለእናቴ ብቻ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ከእናቴ ኋላ ማን ተቀጥሎ እንደሚመጣ ዞር ብዬ አላየሁም። ለካ ቃሌ ተሳቢ ነበረው።

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። ያ ሁሉ ሰው ዕቃውን ሲጭን ሰፈሩ አንድ ትልቅ መናኸሪያ መሰለ። ከሰፈሩ ብዙ ሰው ገላን ጉራ ገባ፤ እናቴም እዚያው ደረሳት። ስለ ልማቱ መሆን አለመሆን ዛሬ አልከራከርም፤ የሚከራከርበት ሞልቷል። አዲሱ ቤት መጸዳጃው ውስጥ ነው፣ ጣራው አያፈስም፣ ካዛንቺስ ደግሞ ለአራት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር። እውነቱ ይነገር። እኔ የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ከተማ እንዲፈርስም እንዲሠራም የምወስነው እኔ አይደለሁም። ‹‹አላየሁም እማዬ፣ አላውቅም፣ ለማንኛውም ገንዘብሽን ያዢ›› ማለት ግን የእኔ ፈንታ ነበር።

ዕቃውን በኢሱዙ ጫንን። የስልሳ ዓመት ኑሮ አንዲት ኢሱዙ አልሞላም። ሁሉም ካለቀ በኋላ እናቴ ባዶው ቤት ውስጥ ቆማ አዲሱን ኮርኒስ ቀና ብላ አየች። ምንም አላለችም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከበሩ ሥር ታኮውን አነሣችና በነጠላዋ ጠቀለለችው። በሩ ተገጨ። ያንን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ያን ዕለት ማታ ገላን ጉራ፣ ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጠን፣ የአባቴን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ አልኩት። ‹‹እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላይ ነው የነገርኩሽ።›› የጉዶ በረቱንም ነገርኳት፤ መስታወቱን የሰበረው ቅርንጫፍ እንዳልሆነ። ሠላሳ ዓመት ያልሰማችው። ብዙ ዝም አለችና ‹‹እሱማ ጠርጥሬ ነበር። ጉዶ በረት ዛፍ ከየት ይመጣል?›› አለች። ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ መብራቱ ገና አልገባምና አልታየኝም።

ሁለቱን ጎረቤቶቻችንንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዷ ‹‹አንተ ምን አደረግህ ልጄ›› አለችኝ። ሌላዋ ዝም አለችኝ። የሁለተኛዋ ትክክል ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል በየቦታው እሰማታለሁ። ያን ጊዜ በመስኮት ያየኋቸው ከተሞች፣ ሐርቡና ከሚሴ፣ ዛሬ ስንት ልጆቻቸው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አቋርጠው ሳዑዲ ለመግባት ይወጣሉ። ደላላው ምን ይላቸዋል? ‹‹መንገዱ ነፃ ነው›› ይላቸዋል። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ከመቃጠሏ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ከመድረሱ በፊት፣ ‹‹ምንም አይመጣም›› ተብለው የተኙ ስንት ናቸው? የሚገርመው፣ ብዙዎቻችን ስንዋሽ ክፋት ፈልገን አይደለም። አንዳንዱ ለማረጋጋት ነው። አንዳንዱ ዐዋቂ ለመባል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ እኔ ሳይመሽ ቤቱ ሊደርስ ነው። በዚህ አገር ‹‹አላውቅም›› ማለት ውርደት ሆኗል። መንገድ የጠየቃችሁት ሰው እንኳ የማያውቀውን ሰፈር ‹‹ቀጥ ብለህ ሂድ›› ይላችኋል እንጂ አላውቅም አይልም።

ባለፈው ሰሞን በድሮው ሰፈራችን አለፍኩ። ቅያሳችን የነበረችበትን በግምት ነው ያገኘሁት፤ የኡራኤልን ቤተ ክርስቲያን ለይቼ፣ ከዚያ በእግሬ ለክቼ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያበራል፣ አበባ ተተክሏል። እናቴ ከሰል ታቀጣጥልበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ ግራ ቀኙን አየሁ። ኤን ትሬ ከነተሳቢዋ ብትመጣ ዛሬ ያለ ምንም ችግር ትገባለች፤ ዞራም ትወጣለች። አባቴ ቃሉን የሚፈጽምበት ቦታ ተገኘ። የሚቆምበት ደጅ ግን የለም።

እሑድ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ታኮው በረንዳው በር ሥር ነው፤ ገላን ጉራ ንፋስ አያጣም። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ እንዲህ አለችኝ፦

‹‹እዚህስ ያቆዩን ይሆን?››

አፌ ሊከፈት ነበር። በልማድ ‹‹ምን ነክቶሽ ነው እማዬ፣ ከዚህ ማን ያነሣሻል›› ልላት። ዓይኔ እንጨቱ ላይ ዐረፈ።

‹‹አላየሁም እማዬ›› አልኳት።

ስኒውን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝና ‹‹እሰይ›› አለች። ‹‹አሁን ነው አባትህን የመሰልከው።››